ነፋስ መውጫና የአቶም እሳት

ከባሕር ዳር ተነሥቶ በወረታ አድርጎ ደብረ ታቦር የደረሰ መንገደኛ፣ ጉዞውን ወደ ምሥራቅ ሲቀጥል የጉናን ተራራ በስተቀኙ እያየ ወደ ላይ ይወጣል። ከወረታ እስከ ወልድያ የተዘረጋው ይህ መንገድ በደርግ ዘመን ቻይናውያን የሠሩት ስለሆነ እስከ ዛሬ «የቻይና መንገድ» የሚሉት አሉ። አውቶቡሱ በያንዳንዱ ጠመዝማዛ ሲያቃስት፣ መስኮት አጠገብ የተቀመጠ ሁሉ ጋቢውን ወደ ጆሮው ይስባል። ብርዱ እየጠነከረ፣ ዛፉ እያነሰ፣ ሰማዩ እየቀረበ ይሄዳል። በመጨረሻም መንገዱ ከደጋው ጫፍ ሲደርስ የማያባራ ነፋስ ይቀበለዋል። ነፋስ መውጫ ደረሰ ማለት ነው። ለከተማይቱ ስም ያወጣላት ሰው ብዙ ማሰብ አላስፈለገውም።

ነፋስ መውጫ የላይ ጋይንት ወረዳ ዋና ከተማ ናት። ከባሕር ወለል ከ3000 ሜትር በላይ ከፍ ብላ ስለ ተቀመጠች፣ እንግዳ ሰው በመጀመሪያው ቀን ዳገት ሲወጣ ትንፋሽ ያጥረዋል። በገበያዋ ቀን የደጋው ገብስ፣ ባቄላና ድንች፣ ከታች ጋይንትና ከስማዳ ቆላ ከወጣው ጤፍና ማሽላ ጋር ይገናኛል። በስተምሥራቅ ጨጨሆና መቄት፣ በስተደቡብ እስከ በሽሎ የሚወርደው የስማዳ ገደል፣ በስተምዕራብ ከ4000 ሜትር በላይ የሚረዝመው ጉናና ከጉና ማዶ እስቴ ይገኛሉ። ርብና ጉማራ ከጉና ተነሥተው ጣና ይገባሉ፤ የስማዳና የታች ጋይንት ውሃ በበሽሎ በኩል ዐባይን ይቀላቀላል።

ይህ አገር ለታሪክ እንግዳ አይደለም። ዐፄ ቴዎድሮስ በ1860 ዓ.ም. ከደብረ ታቦር ወደ መቅደላ ሲሄዱ፣ ወደ 7 ቶን የሚመዝነውን ሴባስቶፖል የተባለውን መድፍ ያስጎተቱት በጋይንትና በጨጨሆ በኩል ነው። ድንጋይ እየተፈነቀለ፣ ገደል እየተሞላ፣ መንገዱ ከመድፉ ፊት ፊት እየተሠራ ጉዞው ወራት ፈጀ። ከዚያም መጋቢት 22 ቀን 1922 ዓ.ም.፣ ከጋይንት ወደ ምሥራቅ በደብረ ዘቢጥ አጠገብ በአንቺም ሜዳ፣ ራስ ጉግሣ ወሌ በወደቁበት ጦርነት ላይ አውሮፕላን ታየ። በመጀመሪያ ወረቀት በተነ፤ በኋላ ቦምብ ጣለ። የዚህ አገር ሰው አደጋ በእግር ብቻ ሳይሆን በሰማይም እንደሚመጣ የተማረው ከዚያን ጊዜ ጀምሮ ነው።

ታዲያ የአቶምን ነገር ከነፋስ መውጫ ጋር ምን አገናኘው? የሚል አንባቢ አይጠፋም። ነፋስ መውጫ የአቶም ኃይል ማመንጫ የላትም፤ ይህ በሚጻፍበት ጊዜ በኢትዮጵያ ምድር አንድም አልቆመም። ነገር ግን ጉዳዩ ከወሬ አልፏል። ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ታላቁ የሕዳሴ ግድብ ተመረቀ። በዚያው ሰሞን መንግሥት ቀጣዩ እርምጃ የኒውክሌር ኃይል እንደሚሆን ተናገረ። መስከረም 15 ቀን 2018 ዓ.ም. ደግሞ በሞስኮ ከሩሲያው ሮሳቶም ጋር የኒውክሌር ማመንጫ ለመገንባት የሚያስችል የሥራ መርሐ ግብር ተፈረመ። ኢትዮጵያ የዓለም አቀፉ አቶሚክ ኃይል ኤጀንሲ አባል የሆነችው ኤጀንሲው በተቋቋመበት ዓመት፣ እ.ኤ.አ. በ1957 ነው። ስለዚህ ለስሙ እንግዳ አይደለችም፤ ለእሳቱ ግን እንግዳ ናት።

የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ማመንጫው ይሠራ ወይም አይሠራ ብሎ ለመፍረድ አይደለም። ለዚያ ሊቃውንት አሉ። እኔ የምለው አንድ ነገር ነው፤ ይኸውም የማመንጫው ደኅንነት ግማሹ ከአጥሩ ውጭ ያለ መሆኑ ነው። ሲሚንቶውንና ብረቱን የውጭ መሐንዲስ ሊያመጣው ይችላል። ነፋሱን፣ መንገዱን፣ የሰዉን ልማድና እምነት ግን ማንም ከውጭ አያመጣልንም። እነዚህን ለመመርመር ደግሞ ነፋስ የሚወጣባት፣ መንገዷ አንድ የሆነ፣ በቅርብ ዘመንም መከራ ያየች ከተማ ጥሩ ትምህርት ቤት ናት።

ነፋሱ ወዴት ይነፍሳል?

እ.ኤ.አ. ሚያዝያ 26 ቀን 1986 ዩክሬን ውስጥ በቼርኖቢል የአራተኛው ማብሰያ ፈንድቶ ተቃጠለ። ማመንጫው አጠገብ በነበረችው በፕሪፕያት ከተማ ወደ 49000 ያህል ሰው ይኖር ነበር። ልጆች በዚያን ቀን ትምህርት ቤት ዋሉ፤ ልብስ በገመድ ላይ ተሰጥቶ ዋለ። ሕዝቡ በአውቶቡስ የወጣው በማግሥቱ ከሰዓት በኋላ ነው። በሦስተኛው ቀን ከ1000 ኪሎ ሜትር በላይ ርቆ በሚገኘው በስዊድን የፎርስማርክ ማመንጫ የአንድ ሠራተኛ ጫማ ጨረር እንዳለበት መሣሪያ ጮኸ። የስዊድን ሰዎች በመጀመሪያ የራሳቸው ማመንጫ ያፈሰሰ መስሏቸው ነበር። ነፋሱ ከሞስኮ መግለጫ ቀድሞ ወሬውን አደረሰው።

ከነፋስ መውጫ ዳር በአንድ አውድማ ላይ ገብስ የሚያዘሩ ሽማግሌ አግኝቼ «አባቴ፣ ነፋሱ ሁልጊዜ ከዚህ ወገን ነው የሚመጣው?» ብዬ ጠየቅኋቸው። መንሻቸውን ተደግፈው ጥቂት አሰቡና «መምህር፣ ነፋስ ዘመድ የለውም» አሉኝ። «በበጋ ከምሥራቅ ይበዛል፤ በክረምት ከዝናቡ ጋር ከምዕራብ ይመጣል። አንዳንድ ቀን ደግሞ ጧት በአንዱ፣ ማታ በሌላው ነው። የሚያዘራ ሰው ዐይኑን ገለባው ላይ ያደርጋል እንጂ ትናንት በነፈሰው አይታለልም።»

የአቶም አደጋ ዕቅድ የሚያወጡ ሊቃውንት ብዙ ገጽ የሚጽፉበት ነገር በዚህ በሽማግሌው ቃል ውስጥ ተጠቃሏል። በአውድማ ላይ ፍሬው ከእግር አጠገብ ይወድቃል፤ ገለባው ጥቂት ይርቃል፤ እብቁ ዐይን እስኪያጣው ድረስ ይሄዳል። ከተቃጠለ ማብሰያ የሚወጣውም ብናኝ እንዲሁ ነው። ብዙው ከቅርብ ይወርዳል፤ ቀላሉ ይሄዳል። ዝናብ ከጣለ ግን ሩቅ ይሄድ የነበረው ባልታሰበ አገር ላይ በአንድ ጊዜ ይወርዳል።

ስለዚህ ዓለም አቀፉ ኤጀንሲ ለታላላቅ ማመንጫዎች አራት ክበብ እንዲሰመር ይመክራል። ከ3 እስከ 5 ኪሎ ሜትር ያለው ሕዝብ ብናኙ ሳይወጣ ገና የአደጋው ምልክት እንደታየ የሚወጣ ነው። እስከ 15 ወይም 30 ኪሎ ሜትር ድረስ ያለው ቤቱ እንዲገባ ወይም እንዲወጣ አስቀድሞ የተዘጋጀ መሆን አለበት። እስከ 100 ኪሎ ሜትር ጨረሩ በመሣሪያ ይለካል፤ የተበከለ ቦታ ከተገኘ ሰው እንዲነሣ ይደረጋል። እስከ 300 ኪሎ ሜትር ደግሞ ወተቱ፣ ጎመኑና የዝናቡ ውሃ ይጠበቃል።

ርቀቱን በዐይነ ሕሊና ለማየት ያህል የኮምፓሱን እግር ነፋስ መውጫ ላይ ተክለን ካርታ ላይ እናዙረው። በ100 ኪሎ ሜትር ውስጥ ደብረ ታቦርና ላሊበላ ይገባሉ። በ300 ኪሎ ሜትር ውስጥ ባሕር ዳር፣ ጎንደር፣ ደሴ፣ ደብረ ማርቆስና መቐለ ይገባሉ፤ አዲስ አበባም ከዳሩ ትቀራለች። እንግዲህ ማመንጫው የትም ይተከል የት፣ «የእኔ አገር አይደለም» ብሎ የሚተኛ ክፍለ ሀገር አይኖርም። ካርታው ላይ ያለው ክብ መስመር ግን ለመነሻ ያህል ነው። በአደጋው ቀን እንደ ሽማግሌው ዐይንን ገለባው ላይ ማድረግ ያስፈልጋል።

አጥሩና ጠባቂው

ሰው ስለ ማመንጫ ጥበቃ ሲያስብ ቶሎ የሚታየው ረዥም አጥርና መሣሪያ የያዘ ዘበኛ ነው። እነዚህ አስፈላጊ ናቸው፤ ብቻቸውን ግን አይበቁም። ለዚህ ምስክር የሚሆነን የራሳችን አህጉር ነው። በደቡብ አፍሪካ ከኬፕ ታውን ወደ ሰሜን 30 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ የሚገኘው ኩበርግ በአፍሪካ ኤሌክትሪክ ሲያመነጭ የኖረ ብቸኛው የአቶም ማመንጫ ነው። እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 1982፣ ገና በመሠራት ላይ ሳለ፣ 4 ፈንጂዎች ውስጡ ፈነዱ። ያፈነዳው እዚያው ተቀጥሮ ይሠራ የነበረ ሮድኒ ዊልኪንሰን የተባለ ሰው ሲሆን፣ የሠራውም የአፓርታይድን መንግሥት ይታገል ለነበረው ለአፍሪካ ብሔራዊ ኮንግረስ ነው። የኒውክሌር ነዳጁ ገና ስላልገባ ጨረር አልወጣም፤ ሰውም አልሞተም። የትግሉን ፍትሐዊነት ታሪክ መስክሮለታል። ለጥበቃ ተማሪ የሚቀረው ትምህርት ግን አንድ ነው፤ ፈንጂው በአጥሩ ላይ አልዘለለም፣ ዘበኛው በሚያውቀው ሰው እጅ በበሩ ገባ። ስለዚህ ዛሬ የማመንጫ ጥበቃ ሲባል የሠራተኛው ማንነት፣ አንድ ሰው ብቻውን እንዳይገባባቸው የሚከለከሉ ክፍሎች፣ የቁልፍና የመዝገብ አያያዝ፣ የኮምፒዩተሩም መጠበቅ ጭምር ነው።

ከዚህ የሚብሰው ጦርነት ሲመጣ ነው። እ.ኤ.አ. መጋቢት 4 ቀን 2022 የሩሲያ ጦር የዩክሬንን የዛፖሪዥያ ማመንጫ በመድፍ ተኩስ መካከል ያዘ። ስድስት ማብሰያዎች ያሉት፣ በአውሮፓ ትልቁ ማመንጫ ነው። ከዚያ ወዲህ የውጭው የኤሌክትሪክ መስመር ደጋግሞ ተቋረጠ፤ እ.ኤ.አ. በሰኔ 2023 የካኾቭካ ግድብ ፈርሶ ማመንጫው ውሃ ይቀዳበት የነበረው ሐይቅ ደረቀ።

ማመንጫው ከጠፋ ምን ያስፈራል? የሚል ይኖራል። በእናቶቻችን ምድጃ ማታ የተዳፈነ ፍም ጧት አመዱ ሲገለጥ ቀይ ሆኖ ይገኛል። የአቶም እሳትም ሲጠፋ እንዲሁ ነው። በጠፋባት ቅጽበት ከሙሉ ኃይሉ ከ6 እስከ 7 በመቶ የሚሆን ሙቀት ይቀራል፤ ይህም እየቀነሰ ለብዙ ጊዜ ይቆያል። ውሃ ካልዞረበት ፍሙ ራሱን ያቀልጣል። ውሃውን የሚያዞረው ሞተር ደግሞ ኤሌክትሪክ ይሻል። ስለዚህ መብራት የሚሰጠን ቤት ራሱ መብራት እንዳይቋረጥበት የሚጠበቅ ቤት ነው።

ጦርነት አገልግሎትን ሁሉ እንዴት ባንድ ቀን እንደሚያቆም ለማወቅ ዩክሬን ድረስ መሄድ አያስፈልግም። ከነሐሴ 6 እስከ ነሐሴ 15 ቀን 2013 ዓ.ም. ነፋስ መውጫ በትግራይ ኃይሎች እጅ ነበረች። አምነስቲ ኢንተርናሽናል በዚያው ዓመት ኅዳር ወር እ.ኤ.አ. ባወጣው ዘገባ፣ በእነዚያ ቀናት ሴቶች እንደተደፈሩ፣ ሆስፒታሉና ጤና ጣቢያዎቹም ተዘርፈው ስለነበር የተጎዱት ሴቶች ተገቢውን ሕክምና ሳያገኙ እንደቀሩ ገልጿል። መሸሽ የቻለ ሸሸ፤ ያልቻለ ቀረ። ይህን ያየ ሕዝብ ፊት ቀርቦ ስለ አደጋ ዕቅድ የሚናገር ሰው፣ «ሆስፒታሉ ያክማችኋል፣ አምቡላንሱ ያነሣችኋል» ብሎ ቢጨርስ አይታመንም። ሆስፒታሉ ባይኖርስ? መንገዱ ቢዘጋስ? ብሎ የጠየቀና መልሱን በወረቀት ያሰፈረ ዕቅድ ብቻ ነው ዕቅድ የሚባለው።

የመንገዱ ነገር

እ.ኤ.አ. መጋቢት 11 ቀን 2011 በጃፓን ከመሬት መንቀጥቀጡ ቀጥሎ የመጣው የባሕር ማዕበል የፉኩሺማን ማመንጫ ኤሌክትሪክ አሳጣው። በዚያች ሌሊት ከ3 ኪሎ ሜትር ውስጥ ያለው ሰው እንዲወጣ ታዘዘ፤ ሲነጋ ትእዛዙ 10 ኪሎ ሜትር ሆነ፤ ሲመሽ 20 ኪሎ ሜትር ሆነ። አንድ ቤተ ሰብ ገና ዕቃውን ሳያወርድ ደግሞ ተነሥ ይባል ነበር። የናሚዬ ከተማ ሰዎች ብዙዎቹ ወደ ሰሜን ምዕራብ፣ ጹሺማ ወደተባለ መንደር ሸሹ። ብናኙም በኋላ የሄደው በዚያው አቅጣጫ ነበር። ነፋሱን የሚያሰላ መሣሪያ መንግሥት ነበረው፤ ስሌቱ ግን ለሚሸሹት ሰዎች በጊዜው አልተነገራቸውም።

ከሁሉ የሚያሳዝነው የፉታባ ሆስፒታል ነገር ነው። ከማመንጫው 4 ወይም 5 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ ይገኝ ነበር። አልጋ ላይ የዋሉ ሕሙማን በአውቶቡስ ተጭነው ለብዙ ሰዓት ተጓዙ፤ ሌሎቹም ቀናት ጠበቁ። ከ40 በላይ የሆኑ ሕሙማንና አረጋውያን በዚያ እንግልት ሞቱ። በጨረር ሕመም ወዲያውኑ የሞተ አንድ እንኳ የአካባቢው ነዋሪ አልነበረም። በፉኩሺማ ክፍለ ሀገር ከመፈናቀሉ የተነሣ በኋላ እንደሞቱ የተመዘገቡት ከ2000 በላይ ናቸው። ከዚህ የተገኘው ትምህርት ከባድ ነው፤ ያለ ዝግጅት ማስወጣት ራሱ ይገድላል።

አሁን በነፋስ መውጫ አደባባይ ቆመን እንመልከት። ወደ ምዕራብ አንድ መንገድ፣ ወደ ምሥራቅ ያው አንድ መንገድ አለ። ወደ ስማዳና ወደ ታች ጋይንት የሚወርደው በክረምት የሚፈትን ነው። ከመንገዱ ዳር እስከ ገደሉ አፍ ድረስ ያለው ሕዝብ መኪና የለውም። አያቱን በቃሬዛ፣ ልጁን በጀርባ፣ በጉን በገመድ ይዞ የሚሄድ ነው። በጉንና ላሙን ትተህ ሂድ ቢባል የሚሄደው ስንቱ ነው? ሀብቱ እርሷ ናትና። እንዲህ ባለ አገር ላይ የሚጻፍ ዕቅድ የመኪና ቁጥር ብቻ ቆጥሮ አይሆንም። የሰው እግር በሰዓት ስንት ኪሎ ሜትር እንደሚሄድ፣ ከብቱ ወዴት እንደሚነዳ፣ መሄድ የማይችለው የት እንደሚጠለል መቁጠር አለበት።

መጠለያ ስንል ደግሞ ሁሉም ቤት አንድ አይደለም። የእንጨትና የጭቃ ቤት ከነፋስ ያስጥል ይሆናል፤ ከጨረር የሚከላከለው ግን የድንጋይና የሲሚንቶው ግድግዳ ይበልጣል። ስለዚህ በያንዳንዱ ቀበሌ ያለው የድንጋይ ትምህርት ቤትና ቤተ ክርስቲያን ስንት ሰው እንደሚይዝ፣ በሩና መስኮቱ እንደሚዘጋ፣ ውስጡ ውሃ እንዳለ አስቀድሞ ቢመዘገብ፣ ገንዘብ የማይጠይቅ ትልቅ ሥራ ነው።

እንቅርትና ኪኒን

በደጋ አገራችን አንገታቸው ያበጠ ሴቶችና ወንዶች ማየት የተለመደ ነው። እንቅርት የሚመጣው በአዮዲን እጥረት መሆኑን ተማሪ ሁሉ ያውቃል። ዝናቡና ጎርፉ ለዘመናት ከተዳፋቱ መሬት አዮዲኑን አጥቦ ወስዶታል። ጨው አዮዲን እንዲጨመርበት በ2003 ዓ.ም. ደንብ የወጣውም ለዚህ ነው።

ይህ የድሮ ሕመም ከአቶም አደጋ ጋር የሚያገናኘው ነገር አለ። ከተቃጠለ ማብሰያ ከሚወጡት መርዞች አንዱ ራሱ አዮዲን ነው፤ ነገር ግን ጨረር የሚረጭ ዐይነት። በአንገታችን ውስጥ ያለው ዕጢ ደጉን ከክፉው አይለይም። የተራበ ዕጢ ያገኘውን ሁሉ ይስባል። በቼርኖቢል ዙሪያ የነበረው ሕዝብም የአዮዲን እጥረት ነበረበት። ልጆቹ ብናኝ የወደቀበትን ሣር የበሉ ላሞችን ወተት ጠጡ። እ.ኤ.አ. እስከ 2005 ድረስ በአደጋው ጊዜ ልጆች ከነበሩት መካከል ከ6000 በላይ የዕጢው ነቀርሳ ተገኝቶባቸዋል። አብዛኞቹ ታክመው ድነዋል፤ መከራው ግን መቅረት ይችል ነበር። በጎረቤት ፖላንድ መንግሥቱ በአራተኛው ቀን አዮዲን ማደል ጀምሮ ከ10 ሚሊዮን ለሚበልጡ ልጆች አድርሷል።

የፖታሲየም አዮዳይድ ኪኒን ዕጢውን አስቀድሞ ያጠግበዋል። የሚጠቅመውም ብናኙ ከመድረሱ በፊት ወይም በደረሰ በጥቂት ሰዓት ውስጥ ሲዋጥ ነው፤ ከሁሉ በፊትም ለሕፃናት፣ ለነፍሰ ጡሮችና ለሚያጠቡ እናቶች ነው። ከሌላው ጨረር አያድንም፤ ያለ ትእዛዝም አይዋጥም። ለቁስል የሚቀባውን አዮዲን መጠጣት ፈጽሞ አይገባም፤ ጨው ማብዛትም ምትክ አይሆንም። እንግዲህ ኪኒኑ በሰዓታት ውስጥ የሚፈለግ ከሆነ፣ በአዲስ አበባ መጋዘን ተቆልፎ ለገጠር ልጅ አይጠቅመውም። የት ይቀመጥ? ማን ያድለው? መልሱ ከጤና ኬላና ከትምህርት ቤት አያልፍም።

የጋይንት ገበሬ ሳያውቀው የሚያውቀው ሌላም መከላከያ አለ። ድርቆሹንና ገለባውን ከምሮ ያስቀምጣል። በአደጋ ጊዜ ላሟን ከሜዳ አግብቶ አሮጌውን መኖ ከክምሩ ውስጥ ማብላት፣ ከተከደነ ጕድጓድ ማጠጣት ታላቅ ዘዴ ነው። ያ ክፉ አዮዲን በየ8 ቀኑ በግማሽ ይቀንሳል፤ ከ80 ቀን በኋላ ከሺህ አንድ እጅ ያህል ብቻ ይቀራል። ስለዚህ የተጠረጠረው ወተት ቅቤ ሆኖ ቢቆይ፣ ይህኛው መርዝ በመቆየት ብቻ ይሞታል። ሲዚየም የተባለው መርዝ ግን ለመገመስ 30 ዓመት ስለሚፈጅ በመቆየት አይመለጥም። የትኛው እንደወደቀ የሚለየው መሣሪያና የሠለጠነ ሰው ነው።

የቆራሌው ብረት

ማመንጫው እስኪሠራ ድረስ ይህ ሁሉ አይመለከተንም የሚል ካለ፣ እ.ኤ.አ. በ1987 በብራዚል በጎያኒያ ከተማ የሆነውን ይስማ። ከተዘጋ የሕክምና ቤት ውስጥ የተተወ የነቀርሳ ማከሚያ መሣሪያ ሁለት ሰዎች ወስደው ፈቱት፤ እኛ ቆራሌው እንደምንለው ላለ ብረት ገዢም ሸጡት። ውስጡ በጨለማ የሚያበራ ሰማያዊ ዱቄት ነበር። ሰዎች ተደንቀው ለዘመድ አካፈሉት፤ ልጆች ገላቸውን ቀቡት። 4 ሰዎች ሞቱ፤ ከ100000 በላይ ሰው መመርመር አስፈለገ። ያ ሁሉ የመጣው ከአንድ ትንሽ ዕቃና ከአለማወቅ ነው።

በአገራችንም ጨረር የሚረጭ ዕቃ በነቀርሳ ሕክምናና በኢንዱስትሪ ይሠራበታል። የጨረራ መከላከያ ባለሥልጣን በ1986 ዓ.ም. በአዋጅ የተቋቋመው፣ በ2009 ዓ.ም. ደግሞ የጨረራና ኒውክሌር መከላከያ አዋጅ የወጣው ለዚህ ነው። ከዚያ ወዲህ የመሥሪያ ቤቱ ስም ቢለዋወጥም ተግባሩ አልተለወጠም። ተራው የራጅ መሣሪያ ኤሌክትሪክ ሲጠፋ ጨረሩም ይጠፋል፤ ኮባልትና ሲዚየም ያለበት ግን ተሰርቆም፣ ተሰብሮም፣ መሬት ተቀብሮም ይረጫል። ሆስፒታል በሚዘረፍበት አገር ይህን ልዩነት ማወቅ ቅንጦት አይደለም። ቢጫ መደብ ላይ ሦስት ክንፍ ያለው ምልክት የታየበት ብረት እንዳይነካ፣ ሰው እንዳይጠጋው፣ ለፖሊስ እንዲነገር ማስተማር በአንድ ክፍለ ጊዜ የሚያልቅ ትምህርት ነው።

የጥሩምባው ድምፅ

እ.ኤ.አ. በመጋቢት 1979 በአሜሪካ በስሪ ማይል አይላንድ አደጋ ሲደርስ፣ የክፍለ ሀገሩ ገዢ በ5 ማይል ውስጥ ያሉ ነፍሰ ጡሮችና ትናንሽ ልጆች ብቻ እንዲወጡ መከረ። የወጣው ግን ወደ 140000 የሚጠጋ ሕዝብ ነው። ባለ ሥልጣኖቹ የሚናገሩት እርስ በርሱ ይቃረን ስለነበር ሰዉ ከተነገረው ይልቅ የፈራውን አመነ። በቼርኖቢል ዝምታ ጎዳ፤ በዚህ ደግሞ የተደበላለቀ ወሬ አስበረገገ። የታመነ ቃል በአደጋ ቀን አይሠራም፤ ቀድሞ የተሠራ መሆን አለበት።

ዛሬ ማስጠንቀቂያ ሲባል ሁሉ ሰው ስልኩን ያስባል። በ2015 ዓ.ም. መጨረሻ በአማራ ክልል ግጭት ሲነሣ የሞባይል ኢንተርኔት ለብዙ ወራት ተቋርጦ እንደነበረ አንርሳ። በስልክ ብቻ የተመሠረተ ማስጠንቀቂያ በዚያን ጊዜ ቢፈለግ ብዙ ሰው ሳይሰማ በቀረ ነበር። ነፋስ መውጫ ግን ሌላ ስልክ አላት። ሰው ሲሞት የዕድር ጥሩምባ ነፊ ከሰፈር ሰፈር ዞሮ ያሰማል፤ የቤተ ክርስቲያን ደወል ከተራራ ተራራ ይሰማል፤ በገበያ ቀን የተነገረ አዋጅ ማታ ስማዳ ይደርሳል። ዕድር ማን በየትኛው ቤት እንደሚኖር፣ ማን አልጋ ላይ እንደዋለ፣ የትኛዋ ሴት እንደምትወልድ በመዝገብ ያውቃል። ድንኳን አለው፤ ድስት አለው፤ ቀባሪ አለው። ከሞተ በኋላ የሚያገለግለውን ይህን ማኅበር፣ ሳይሞት እንዲያገለግል ማሠልጠን ከሳይረን መግዛት አይቀድምምን? ሳይረኑም ይገዛ፤ የኩበርግ ሰዎች የነርሱን በየጊዜው እያስጮኹ ይፈትኑታል። ሳይረን ሲጮኽ ምን እንደሚደረግ የሚያውቅ ጎረቤት ከሌለ ግን ጩኸት ብቻ ነው።

ይህን መጽሔት የሚያነቡት አብዛኞቹ ተማሪዎችና በየመሥሪያ ቤቱ ሥራ የጀመሩ ወጣቶች ናቸው። ማመንጫው ሲቆም የወረዳው ጸሐፊ፣ የጤና ኬላው ባለሙያ፣ የቀበሌው መዝጋቢ፣ የትምህርት ቤቱ መምህር የሚሆኑት እነርሱ ናቸው። ታላቁ ውል በትልልቅ ሰዎች ይፈረማል፤ የአደጋው ዕቅድ ግን በታናናሽ ሰዎች እጅ ይኖራል። ስለዚህ ዛሬ ሊጠይቁ የሚገባቸው ጥያቄ አለ። ቦታው ሲመረጥ የነፋሱ መዝገብ ስንት ዓመት ተያዘ? ዕቅዱ በአማርኛ፣ በአፋን ኦሮሞና በሌሎቹም ቋንቋዎች ለሕዝብ ይነበባል ወይስ በሣጥን ይቆለፋል? ልምምዱ በዓመት ስንት ጊዜ ይደረጋል? ተቆጣጣሪው መሥሪያ ቤት ከሚሠራው መሥሪያ ቤት ነጻ ሆኖ «ቁም» ለማለት ሥልጣን አለው? እነዚህን የሚጠይቅ ሰው የሥልጣኔ ጠላት ተብሎ እንዳይታይ ያስፈልጋል፤ መድፉን ለማድረስ መንገዱን ከፊቱ እንደሚጠርግ ሰው ነውና።

ገበሬ አውድማውን በእበት የሚለቀልቀው ነዶው ከመከመሩ በፊት ነው። ምርቱ ከወረደ በኋላ የሚለቀልቅ የለም። ከነፋስ መውጫ ወደ ጨጨሆ የሚያልፍ መንገደኛ በኅዳርና በታኅሣሥ ከመንገዱ ግራና ቀኝ እነዚህን ንጹሕ አውድማዎች ያያል፤ ክብ ሆነው፣ ደርቀው፣ ነፋሱን የሚጠብቁ።